ቀይ መቀነትና ጥቁር ላሜራ

ሟቹ ከውኃው የወጣው በጭብጨባ ነው።

ያጨበጨቡት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም። ገመዱ ተጎትቶ ጥቁር ጎማ የለበሰ ራስ ብቅ ሲል፣ የእርዳታ ማዳረሻ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ሀብቴ እጃቸውን አነሱ፤ የጓድ ሀብቴ እጅ ሲነሳ ማጨብጨብ ደግሞ የተለመደ ነው። ራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ከአፉ ግራጫ ጭቃ መውረድ ሲጀምር የፊተኞቹ አቆሙ። የኋለኞቹ ስላልታያቸው ትንሽ ቀጠሉ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ኅዳር ወር 1978 ዓ.ም.። ቦታው ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሌሞ ውስጥ፣ መንገድ ሠሪዎች ድንጋይ ሲያወጡበት ኖረው የተዉት ካባ ነው። ጉድጓዱን የየክረምቱ ዝናብ ሞልቶት አሥራ አራት ሜትር ይጠልቃል፤ ታቹ እንደ አጥሚት የወፈረ የድንጋይ ዱቄት ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ጊምቢቹ ለተጠለሉ ሕፃናት የዱቄት ወተት የጫነ መኪና እዚህ ገብቶ ሰጠመ ተባለ። ሾፌሩ ቸኮል ዘሎ ተረፈ። ወተቱ አልዘለለም።

ወተቱን የላኩት ሰዎች «መኪናው ይውጣና ይታይ» ብለው ጻፉ። ስለዚህ ከምፅዋ አንድ ጡረተኛ የባሕር ጠላቂ መጣ፤ ሃምሳ አለቃ ሰይፈሥላሴ። ሥራው ወርዶ መኪናውን ማየትና የብረት ገመድ ማሰር ነበር። አሁን ካባው አፋፍ ላይ፣ «ወደፊት!» የሚል ጨርቅ ላይ በጀርባው ተጋድሟል፤ እግሩ ላይ ያሉት የጎማ መቅዘፊያዎች ወደ ሰማይ ቆመዋል።

ለሥነ ሥርዓቱ የተጋበዘው የወንጀል መርማሪ መቶ አለቃ ጠና ላምቤቦ ዘግይቶ የደረሰው በፈረስ ጋሪ ነው፤ የፖሊስ ጣቢያው መኪና ቤንዚን አልነበራትም። መንገድ ላይ ወደ ከተማ የሚመለስ ሌላ ጋሪ አልፎት ነበር። የእርዳታ መጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ ትርፊት ተቀምጠውበታል፤ «ራሴን አሞኝ ጠላቂው ሳይወጣ ተመለስኩ፣ ልጄ፤ ፀሐይ አልችልም» ብለውት አለፉ።

ጠና ቁመቱ አጭር፣ ሆዱ ሁልጊዜ የሚታመም ሰው ነው። እናቱ ሆሳዕና ገበያ ቅቤ ሲሸጡና ሲገዙ የኖሩ ናቸው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ እጃቸው ላይ አንሥተው፣ ሳይፈቱት፣ «መሐሉ ድንች ነው» ይሉ ነበር። ልጃቸው ከእሳቸው የወረሰው ይህን እጅና ሰውን ያለማመን በሽታ ነው።

«ጣቶቹ ደም ናቸው» አሉ ጓድ ሀብቴ፣ ዞር ብለው።

ጠና አጎንብሶ የሟቹን ጣት በአውራ ጣቱ አሸው። አሸተተው። «ቀለም ነው። ከመቀነቱ የለቀቀ።»

ሟቹ ወገቡ ላይ ሰፊ ቀይ መቀነት ታስሮለታል። ከፊት በነጭ ክር «ጀግናው ጠላቂ» ተጠልፎበታል።

«ሬሳውን እንዳለ ጣቢያ አምጡልኝ። ማንም አንዲት ቋጠሮ እንዳይፈታ» አለ ጠና።

ጣቢያው ውስጥ በሩን ዘግቶ ብቻውን መረመረው። የሲሊንደሩ መለኪያ ዜሮ ላይ ቆሟል፤ ሰውዬው አየሩን እስከ መጨረሻው ተንፍሶታል። መቀነቱ ከኋላ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ፣ ውኃ ሲነካው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ጠና በቢላ ቆረጠው። ቆረጠውና ወደ ኋላ ዘለለ፤ ከመቀነቱ ሥር አንድ ቀበቶ ሾልኮ፣ አራት የእርሳስ ቁራጮች ይዞ፣ በእግሩ አጠገብ ወለሉን መታው።

የቀበቶው ዘለበት ቀድሞውኑ ተከፍቶ ነበር።

ጠና ክፍት ዘለበቱን አየ፤ ቀይ ጣቶቹን አየ፤ ከዚያ ቀበቶውን ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ያየውን ለማንም አልተናገረም።

እሱ ሬሳውን ሲመረምር ጓድ ሀብቴ ገዳዩን አግኝተው ጨርሰው ነበር። ገዳዩ በያጁ አበራ ነው፤ መናኸሪያው ጀርባ የብረታ ብረት ሥራ ያለው። ክሱ ቀላል ነው፦ ሟቹ ለጀርባው የአሉሚኒየም ላሜራ አዘዘ፤ ጀርባው ላይ የተገኘው የብረት ነው፤ አሉሚኒየሙ ደግሞ ቅዳሜ ማታ አበራ ግቢ፣ ውድቅዳቂ ክምር ላይ ተገኘ።

«አሻጥር ነው። ሰውዬው ደግሞ ጴንጤ ነው» አሉ ጓድ ሀብቴ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ለእሳቸው ማስረጃ ነበር። «ከላይ ደውለናል። ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

በዚያ ዓመት በአሻጥር ተከሶ በዚያ መኪና የሄደ ሰው ሲመለስ ያየ አልነበረም።

እሑድ ጠዋት የአበራ ሚስት ገነቴ ጣቢያው በር ላይ ምግብ ይዛ ቆማ ነበር። ጠናን ስታይ በሀዲይኛ ጀመረች፤ ከዚያ ዘበኛው እየሰማ መሆኑን አይታ ወደ አማርኛ ተመለሰች፤ የምትሰውረው ነገር እንደሌላት እንዲታወቅላት።

«ጋሼ ጠና፣ ሰው እንዲህ ነው እንዴ? ጎረቤቱ ሁሉ በራችንን ዞሮ ያልፋል። ያቺ የመጋዘን ሴትዮ እንኳ! ማክሰኞ የመጋዘኗን ቁልፍ ማንጠልጠያ ልታስበይድ መጥታ ግማሽ ቀን በርጩማዬ ላይ ተቀምጣለች፤ ውኃዬን ጠጥታለች። ዛሬ አየችኝና ምራቋን ተፋች።»

«በርጩማሽን እጠቢው» አለ ጠና፣ ምግቡን ተቀብሎ።

«አጥቤዋለሁ። አልለቀቀም።»

አበራ እስር ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጠና ምግቡን አስቀመጠለት።

«ላሜራው ምንድን ነው? እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ለማያውቅ ሰው እንደምትነግር ንገረኝ።»

«ጀርባው ላይ የሚያዝላት ዝርግ ናት፣ ጋሼ። ማሰሪያዎቹ በሷ ያልፋሉ፣ የአየሩ ሲሊንደር እሷ ላይ ይታሰራል። የራሱ መንገድ ላይ ተሰንጥቃበት ነበር። እኔ ያለኝ ብረት ነው፤ ቆርጬ፣ በስቼ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ሰጠሁት። እጁ ላይ መዘናትና "ወንድሜ፣ ይቺ ለምፅዋ ናት" አለኝ።»

«ማለት?»

«ጨው ውኃ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል፣ የእናንተ ውኃ ግን ሰነፍ ነው አለ። እዚያ ብረት ጥሩ ነው፤ የእርሳስ ሸክም ይቀንሳል። እዚህ ግን... እንዴት ነበር ያለው... "እርሳስ ቢከብደኝ ዘለበቱን ከፍቼ ቀበቶዬን እጥላለሁ። ጀርባዬን ግን የት እጥለዋለሁ?" አለ። ቀበቶው ከሁሉም በላይ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰረው፤ እንዲወድቅ። ከዚያ ገነቴን እንቁላል አስመጣ። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲጨምረው ሰጠመ። ጨው በጥብጦ ሲጨምረው ተንሳፈፈ። "እንቁላሉ እኔ ነኝ" አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።»

«ሰዉ ሁሉ ማን ነው?»

«የብየዳ መነጽር አድርጌ ነበር። ያን ያደረገ እሳት እንጂ ሰው አያይም። ጠላቂውን ያመጣው ቸኮል የኮሚቴው መኪና ውስጥ ተኝቷል። ወረፋ የያዙ ነበሩ።»

«አሉሚኒየሙንስ?»

«ከተጣለ የነዳጅ ቦቴ ገላ ቆርጬ ሠራሁለት። ያው መጠን፣ ያው ቀለም። ያለኝ ቀለም አንድ ነው። ረቡዕ ሁለቱንም ወሰዳቸው፤ የብረቷን ግን ኮሚቴዎቹ "የሕዝብ ንብረት ናት፣ መጋዘን ትቀመጥ" አሉት።» አበራ ምግቡን ገፋ አደረገው። «ጋሼ፣ ሰኞ ነው የሚወስዱኝ?»

«መኪናው ሰኞ ነው የሚመጣው» አለ ጠና። መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም አወቁ።

ሁለቱን ላሜራዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም አንድ ቅርጽ። ጣቢያው ውስጥ የጓድ ሀብቴ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ ጠና ማግኔቱን ነቀለው። ይህ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ። ከሟቹ ጀርባ የተፈታው ላይ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ተጣበቀ፤ ከአበራ ግቢ የመጣው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለቱን በሁለት እጁ አነሣቸው። አንዱ ኪሎ ተኩል ያህል፣ ሌላው ከአራት ኪሎ በላይ። እናቱ ቢሆኑ ግራሙን ይናገሩ ነበር።

አሉሚኒየሙን ሲያስቀምጥ እጁን አንድ ነገር ነከሰው።

ጉንዳን ነው። ከግድግዳው ስንጥቅ እስከ ጠረጴዛው እግር፣ ከዚያ እስከ ላሜራው ሰልፍ ይዘዋል። የሚገቡት ማሰሪያ በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ጠና በጥፍሩ ጫረ፤ ነጭ፣ እርጥበት ያገኘው ዱቄት። አሸተተው። ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ፣ የሕፃን ትፋት የሚሸት ነገር።

«ብረት የሚበላ ጉንዳን» አለ ለራሱ። ቀዳዳውን በወረቀት ሸፈነው።

ጓድ ሀብቴ ቢሯቸው ውስጥ ሁለተኛ ንግግር እያዘጋጁ ነበር፤ የቀብሩን።

«መቀነቱ የማን ሐሳብ ነው?»

«የእኔ» አሉ ወዲያው። «ሐሳብ ሲመጣልኝ እንዲሁ ነው የሚመጣልኝ። ጀግና ያለ ምልክት ውኃ አይገባም አልኩ።»

«ሟቹ ምን አለ?»

«"ይሄ ባይሆን፣ ወይም ከቀበቶው በታች ይሁን" አለ። "ቀዩን ነው የማትፈልገው?" አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ፈለገ።»

«ሐሙስ ዕለት የእርሳሱን ልክ ካባው ውኃ ውስጥ ሲሞክር አይተውታል?»

«እንዴ! ሁላችንም አይተናል። ቆሞ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ውኃው ዓይኑ ጋ ደርሶ ቀረ። አይሰጥም፣ አይነሣ። እርሳስ እያስወጣ፣ አራት ላይ ሲደርስ "በቃ፣ እንዲህ ነው" አለ። በጣም ያምራል።»

«ቅዳሜ ውኃ ውስጥ ሳለ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ንግግር አደርግ ነበር።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አርባ አምስት። አሳጥሬው ነው።»

ጠና ደብተሩን ሲከድን የሊቀ መንበሩ ሚስት ፎቶ መስኮቱ ላይ ቆሞ አየ፤ ጉንጩ የተነፋ፣ ወፍራም ሕፃን ታቅፈዋል። በዚያ ዓመት በአውራጃው ውስጥ እንዲህ ያለ ሕፃን ከታየ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

መጋዘኑ ሰፊ፣ ጨለምለም ያለና ባዶ ነው። ወይዘሮ ትርፊት ደጃፉ ላይ ጆንያ ይሰፋሉ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ እጃቸው ፈጣን፣ ድምፃቸው የእናት ነው።

«ግባ ልጄ፣ ፊትህ ገርጥቷል። ሻይ ላፍላልህ። በወተት ነው የምትወደው?»

«ወተት አለ?»

«የጎረቤት ላም።»

ጠና ጠጣ። ሆዱ ስላመመው ሞቅ ያለው ተስማማው፤ ሁለተኛም ተቀዳለት። ወተቱ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ምንም አላንሳፈፈም፤ ስልባቦት የለውም። ብርጭቆው ታች ላይ ደግሞ ያልሟሙ ነጭ የዱቄት ቅንጣቶች ቀርተዋል። የቅቤ ነጋዴ ልጅ ብርጭቆውን አዙሮ አየና ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ሃምሳ አለቃ ሰይፈሥላሴን ያውቁት ነበር?»

«ከየት! ዕቃውን እዚህ ያስገባል፣ ይሄዳል፤ የምቆልፈው እኔ ነኝ። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም አንገቴ ላይ። ከ"እንደምን ዋልክ" በቀር አናግሬው አላውቅም፤ ስለ ሥራውም የማውቀው የለ።» መርፌውን ሰካ አደረጉ። «ምስኪን። እርሳሱን ጥሎ መውጣት ሲችል።»

 ጠና ጥግ ላይ ያለውን በርሜል እያየ ነበር፤ በከሰል «ኖራ» ተጽፎበታል።

«ኖራው ለምንድን ነው?»

«ለበዓል። የመንገድ ዳር ድንጋይ እንቀባበታለን።»

በበርሜሉ ጎን ጉንዳኖች ተሰልፈው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ኖራ የሚወድ ጉንዳን ጠና አይቶ አያውቅም። አመስግኖ ተነሣ። ማዕዘኑን እንደዞረ የወተቱን ጣዕም ከአፉ ተፋው።

ሾፌሩን ቸኮልን መናኸሪያ ያገኘው ከደላሎች ጋር ቆሞ ነው። ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው።

«ቅዳሜ ገመዱን የያዘው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«ምልክታችሁ ምን ነበር?»

«ሦስት ጊዜ ከጎተተ ሳቡኝ ማለት ነው ብሎኛል።»

«ጎተተ?»

ቸኮል ጫማውን አየ። «ጭብጨባ ነበር። የሚጨበጨበው በሁለት እጅ ነው።»

«ሲለብስ ያገዝከው አንተ ነህ። ከበደኝ አላለም?»

«አለ። ቀጥሎ ራሱ "ሲሊንደሩ ሙሉ ስለሆነ ነው" አለ። ሐሙስ የሞከረው በባዶው ነበር፤ ባዶና ሙሉ የሦስት ኪሎ ያህል ልዩነት አላቸው ብሎኛል።»

ደላሎቹ ወዲያ ወዲህ አሉ። ቸኮል ከሁሉም ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገናኘት ብዙ ደከመ።

ሰኞ በስምንት ሰዓት ተኩል ጠና ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። አረንጓዴዋ መኪና ደጅ ቆማለች፤ ሁለት ወታደሮች ጥላ ሥር ሲጋራ ያጨሳሉ። አበራ እጁ በገመድ ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ገነቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንም ውጪ ለማለት አልደፈረም።

«አጠር አድርገው። መኪናዋ ትቸኩላለች» አሉ ጓድ ሀብቴ።

«እኔም ሆዴን ያመኛል፣ አሳጥረዋለሁ። እንደ እርስዎ ግን አይደለም» አለ ጠና። ላሜራዎቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «አንዱ ብረት፣ አንዱ አሉሚኒየም። ሰይፈሥላሴ የሞተው በብረቱ ነው። ጥያቄው ብረቱ መቼ ጀርባው ላይ ወጣ ነው። አበራ ሲያስረክብ ነው ብላችኋል። ጓድ ሀብቴ፣ ሐሙስ ሰውዬው ውኃው ውስጥ እንዴት ነበር?»

«ዓይኑ ጋ...»

«ዓይኑ ጋ ቆመ። አይሰጥም፣ አይነሣ። አራት እርሳስ ይዞ። ቅዳሜም ቀበቶው ላይ አራት ነበሩ፤ እኔ ቆጥሬአቸዋለሁ። ሐሙስ ብረት አዝሎ ቢሆን ኖሮ ሦስት ኪሎ ይከብደው ነበር፤ ወይ ይሰጥማል፣ ወይ እርሳሱን ከአራት በታች ያወርዳል፤ ማክሰኞ ብረቷን በእጁ መዝኖ የለየ ሰውም ሐሙስ በባዶ ሲሊንደር አይታለልም። ስለዚህ ሐሙስ ጀርባው ላይ የነበረው አሉሚኒየም ነው። አበራ ያስረከበው የታዘዘውን ነው።»

አበራ አንገቱን ቀና አደረገ። ገነቴ አንድ እርምጃ ገባች።

«ስለዚህ የተቀየረው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ዕቃው እዚህ ተቆልፎ ሳለ። ግን ሦስት ኪሎ ብቻውን ጠላቂ አይገድልም። ይህ ሰው ብልህ ነበር፤ ለክፉ ቀን ስምንት ኪሎ እርሳሱን ያስቀመጠው ሊጥለው በሚችልበት ቦታ፣ ቀበቶው ላይ ነው። ታች ሲደርስ ጎማ ልብሱ በውኃው ተጨፍልቆ ማንሳፈፉን ተወ፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፤ ጀርባው ብረት ነው። ጭቃው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ዘለበቱን ከፈተ። ከፍቶታል! ሳገኘው ክፍት ነበር።» ጠና ቀዩን መቀነት ከኪሱ አወጣ። «ቀበቶው ግን አልወደቀም። "ጀግናው ጠላቂ" ይዞታል። ቋጠሮው ከኋላው ነው፤ ሲሊንደሩ ከልክሎታል። ከፊት በጥፍሩ ቧጠጠው፤ ጣቱ የቀላው በዚህ ነው። የአየሩ መለኪያ ዜሮ ነው፤ ቶሎ አልሞተም ማለት ነው። እናንተ ስታጨበጭቡ፣ እሱ ከእግራችሁ በታች አሥራ አራት ሜትር ላይ፣ ጨለማ ጭቃ ውስጥ፣ ይህን ጨርቅ እየቧጠጠ ንግግሩ እስኪያልቅ ተንፍሷል።»

 ደጅ ያለው ወታደር ሲጋራውን ጣለ።

«እንግዲህ ገዳዩ» አለ ጠና በዚያው ድምፅ «መቀነቱን ያሰበው ሰው ነው።»

ጓድ ሀብቴ ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። በሕይወታቸው የሰውን ሐሳብ ሲወስዱ እንጂ ሲመልሱ ታይተው አያውቁም።

«የ... የኮሚቴው ሐሳብ ነው።»

«ኮሚቴው አንገት የለውም። የሰው ስም ይንገሩኝ።»

«ወይዘሮ ትርፊት ናቸው!» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ። «ዓርብ ዕለት ሰፍተው አምጥተው "ከሁሉም በላይ ይታሰርለት፣ እንዲታይ" ያሉኝ እሳቸው ናቸው! እኔማ ስለ ቀበቶ ምን አውቃለሁ!»

ወይዘሮ ትርፊት መርፌያቸውን አላቆሙም። «ለክብሩ ነዋ። እኔስ ስለ ቀበቶ ምን አውቃለሁ?»

«ትናንት "እርሳሱን ጥሎ መውጣት ሲችል" ብለውኛል። እርሳሱ እንደሚጣል ማን ነገረዎት? እርስዎ ከካባው የሄዱት ሬሳው ሳይወጣ ነው። ዘለበቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ በሩን ዘግቼ፤ ለማንም አልነገርኩም። በዚህ ከተማ ሰይፈሥላሴ ስለ እርሳሱ ያስረዳው አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ነው።»

«የእንቁላሉ ቀን!» አለች ገነቴ ከበሩ። «በርጩማዬ ላይ ነበረች! እንቁላሉ ሲንሳፈፍ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ናት!»

መርፌው ቆመ።

«ቁልፉ አንድ ነው፣ አንገትዎ ላይ» አለ ጠና። «ዓርብ ማሰሪያዎቹን ፈትተው ብረቷ ላይ አስገቡ፤ ጆንያ ለሚሰፋ እጅ ቀላል ነው። ብረቷ ደግሞ እዚሁ ነበረች። አሉሚኒየሙን ማንም በማይከፍተው ዕቃ ውስጥ ቀበሩት። ቅዳሜ ራሴን አመመኝ ብለው ቀድመው ተመለሱ፤ ሕዝቡ ካባው ላይ ሳለ አውጥተው አበራ ግቢ ጣሉት። ጠርገውታል፤ ቀዳዳዎቹን ግን ረስተዋል። ጉንዳን አይረሳም።»

ወደ ጥግ ሄዶ የ«ኖራ»ውን በርሜል ከፈተ። ጣቱን ነክሮ ላሰ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ጓድ ሀብቴ፣ ይቅመሱ።»

«እኔ...»

«አያውቁትም? ቤትዎ ያለው ሕፃን ያውቀዋል።»

ጓድ ሀብቴ ወለሉን አዩ። «ሁለት ጣሳ ነው። ስጦታ ነው ተባልኩ። ከየት እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

«አዎ። ሥራዎ አለመጠየቅ ነው።» ጠና ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ቸኮል፣ መኪናው ውስጥ ምን ነበር?»

ቸኮል ተንበረከከ። «ምንም! ባዶውን ነው የገፋሁት። ወተቱ በመናኸሪያ ጣሳ በጣሳ ተሸጠ። መግደሉን ግን አላውቅም ነበር፣ በእናቴ! ብቻ... ገመዱ ሲጎተት...»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት። ቆይቶ ደግሞ ሦስት። ከወጣ ባዶነቱን ይናገራል ብዬ...» ከዚያ በኋላ የተናገረውን የሚሰማው አልነበረም።

ወይዘሮ ትርፊት ጆንያውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ድምፃቸው አሁንም የእናት ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ማንንም ልጅ አልነጠቅሁም። ወተቱ ሲደርስ ጊምቢቹ ያሉት ግማሾቹ አልቀው ነበር። ለሞተ ልጅ ወተት ምን ያደርጋል? ቢቀመጥ ይበላሽ ነበር።»

«የቀሩት ግማሾቹስ?» አለ አበራ። ከታሰረ ጀምሮ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያኔ የመጀመሪያው ነው።

ሴትዮዋ ያጠፉትን ጆንያ ዘርግተው መርፌያቸውን አነሡ። 

መኪናዋ በዘጠኝ ሰዓት ተነሣች። ከላይ የታዘዘችው አንድ ሰው እንድትወስድ ነበር፤ ሁለት ይዛ ሄደች። የአበራን እጅ የፈታችው ገነቴ ናት፤ ገመዱን በጥርሷ።

ከሳምንት በኋላ ባዶው መኪና ከካባው ወጣ። ጓድ ሀብቴ የወንጀሉን መጋለጥ በተመለከተ ንግግር አደረጉ፤ ጉንዳኑን መጀመሪያ ያዩት እሳቸው እንደሆኑ ገለጡ። ለዚህም ወደ ተሻለ ወንበር ተዛወሩ። በርሜሉ ጊምቢቹ ተላከ። ሲከፈል ለአርባ አንድ ልጆች በቃ፤ የተጠለሉት ሁለት መቶ ነበሩ።

ጠና ንግግሩን መሐሉ ላይ ትቶ ወደ መናኸሪያው ጀርባ ሄደ። አበራ የብረቷን ላሜራ አጽድቶ፣ ለሃምሳ አለቃ ሰይፈሥላሴ መቃብር ስም እየቀረጸባት ነበር።

«ብረት አልፈልግም ብሎ ነበር» አለ ጠና።

«አሁን ቢከብደውም ግድ የለም፣ ጋሼ። ንፋስ አያነሣትም።»

ጠና የሚቀመጥበት ፈለገ። ግድግዳው ሥር የነበረው በርጩማ የለም፤ ገነቴ አዲስ አመጣችለት።

«ያኛውስ?»

«ፈልጬ አነደድኩት። ሻይ የፈላው በሱ ነው።» ብርጭቆ ይዛ መጣች። «ጎረቤት ላም አላት፤ ወተት ላስጨምርልህ?»

ጠና ብርጭቆውን በእጁ ሸፈነው።

«ጥቁሩን» አለ።